ለጉልበቴ የተሰጠ ምስክርነት

ጉልበቴን ማንም አልመታኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንጅባራ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ «ጠልፈውት ነው» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። የጠለፈኝን ሰው መሥሪያ ቤትና የማልያውን ቁጥር ሳይቀር ይነግሯችኋል። ውሸት ነው። የመሥሪያ ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የከረሙ ቦርጫሞች ለአንድ ወር ራሳቸውን እንደ ተጫዋች የሚቆጥሩበት ውድድር። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ፣ ያውም አጥቂ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኳሷ በቀኜ አለፈችኝ፤ ልከተላት ስዞር ግራ እግሬ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀረና ቀሪው ሰውነቴ ብቻውን ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ ደረቅ ቀርከሃ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁና ወደቅሁ። በዚያች ሰዓት ለእኔ ቅርብ የነበረው ተቃራኒ ተጫዋች ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። ዳኛው ቅጣት ምት ሰጠን።

የቡድኔ ሰዎች በባጃጅ ጭነው ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ሐኪም ቤት መንገዳችን ላይ ነበር፤ አልፈነው ሄድን። አንዳቸውም «እዚህ እናስገባው» አላሉም፣ እኔም አላልኩም። የተማርን ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሦስት ሰው ነበር።

ወጌሻው በከተማው ስመ ጥር ነው። እኔ እስከማውቀው ሁለት በሽታ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አጥንት ከሆነ «ወልቋል» ይላል፣ አጥንት ካልሆነ «ጅማት ዞሯል» ይላል። ጉልበቴን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና ጅማት ዞሯል አለ። የዞረውን ለመመለስ ሁለት ሰው ትከሻዬን ያዘ፣ በረኛችን ደረቴ ላይ ተቀመጠ፣ ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ እግሬን ወደ ራሱ ጎተተ። እኔ ስጮህ የያዙኝ ሰዎች ይስቃሉ። በማግስቱ ጉልበቴ የሕፃን ራስ አክሎ አደረ። ወጌሻው መጥቶ አየውና ማበጡ ደግ ምልክት ነው፣ የተቆጣው ደም እየወጣ ነው አለ። በየት በኩል እንደሚወጣ አልነገረኝም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ሟሸሸና ሳላነክስ መራመድ ጀመርኩ። ወጌሻው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከሩቅ በጣቱ እያሳየ አብሮት ላለው ሰው «የእኔ ሥራ ነው» ይላል። እኔም ሞኙ ራሴን እነቀንቅለታለሁ። የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ከሥሬ ሸሸት እንደሚል፣ ግድግዳ ካልያዝኩ እንደምወድቅ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ድነሃል ተብያለሁ፣ ቅቤውም ተቀብቷል፣ ታዲያ ማን ፊት ልውደቅ።

እንዲህ የደበቅሁት በፈረሱ ምክንያት ነው። አባቴ አዲስ ቅዳም አጠገብ ያርሳሉ። ሰባን ካለፉ ቆይተዋል፤ ቢሆንም በጥር ፈረሰኛው ሁሉ በሚሰበሰብበት ቀን ከቀበሌያቸው ሰልፍ ፊት ሆነው ሲጋልቡ ነው የኖሩት። ያን ዓመት ግን ወገቤ አበቃለት አሉ። ዳማው ፈረስ ከነኮርቻውና ከነግላሱ በእሳቸው ፋንታ ለሚጋልበው ሰው ይተላለፋል። ፈረሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ የሰልፉ ቦታም አብሮት ይሄዳል። ያንን ቦታ የያዘ ሰው በለቅሶም በሠርግም ፊት ነው የሚሄደው፣ ሽማግሌዎች ሲመክሩም ይጠራል። ሊወስደው የሚችለው ሁለት ሰው ነበር፤ አንድ ወንድ ልጃቸው እኔና የእህቴ ባል።

የእህቴ ባል ከሰል ነጋዴ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም ይላሉ፤ መጥፎ ለመሆን የሚጠይቀውን ሐሳብ እንኳ ያሰበ አይመስለኝም። ፈረስ ላይ ሲወጣ ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ሲወርድ ስልኩን አውጥቶ ራሱን ይቀርጻል። የአባቴን ፈረስ «ዳሚቾ» ብሎ ሲጠራው ሰምቼ ሁለት ቀን እህል አልበላ ብሎኛል። እኔ ከተማ ገብቼ ወንበር ላይ ብቀመጥም በስምንት ዓመቴ ኮርቻ ላይ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በየዓመቱ ለዚያ በዓል ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ሄጃለሁ። ፈረሱ የማን እንደሆነ ለእኔ ጥያቄ አልነበረም።

በዚያው ጥር አባቴ ልጓሙን በእጄ ሰጡኝ። ሰዉ እያየ ማለት ነው። ጋለብኩ፣ ደህና አድርጌ ነው የጋለብኩት፤ ሽምጥ ስንወጣ ዳማው ከሥሬ ውኃ ሆኖ ፈሰሰ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ፊት ለመውረድ ቀኝ እግሬን አሻግሬ ክብደቴን ግራ እግሬ ላይ ሳሳርፍ ጉልበቴ የለም። በቂጤ አቧራው ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ያላዩ መሰሉ፤ ይህ ከሳቅ የባሰ ነው። መጥቶ በብብቴ ይዞ ያነሳኝ የእህቴ ባል ነው። መነጽሩን እንኳ አላወለቀም።

አባቴ በዚያ ቀን ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን እግር ሐኪም ይየው፣ ከዳነ ፈረሱ ይጠብቅሃል፣ አንድ ዓመት እኔም እታገሳለሁ አሉ። እግሬ በዓመቱ ካልዳነ ምን እንደሚሆን አልተናገሩም። መናገርም አያስፈልጋቸውም ነበር።

ቀዶ ሕክምና ሊደረግልኝ ነው ሲባል እንጅባራ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ የበግ ጅማት ነው የሚተክሉልህ፣ ስለዚህ በጾም እንዳትገባ አለኝ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ የአክስቷ ልጅ ተሠርቶ አንድ እግሩ አጥሮ እንደቀረ ነገረችኝ፤ የት እንደሚኖር ብጠይቃት አታውቅም። አለቃዬ ብረት እንደሚያስገቡና መብረቅ ሲኖር ሜዳ ላይ መቆም እንደሌለብኝ በቁም ነገር አስጠነቀቀኝ። ይህ ሰው የክፍል ኃላፊ ነው። ወጌሻው ደግሞ «እኔ ያዳንኩትን ሊያበላሹት ነው» እያለ መዞሩን ሰማሁ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ራሳቸውን ሲያማቸው ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፤ ባሕር ዳር ነው የሚሮጡት።

እኛም መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን በሚኒባስ ባሕር ዳር ሄድን። አባቴ ካልሄድኩ ብለው ነው የሄዱት። ሙቀቱን ሳያስቡ እንደ በዓል ቀን አዲስ ጋቢ ደርበው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከእኔ ይልቅ ታማሚ መስለው ተቀመጡ።

ሐኪሟ ከእኔ በብዙ ዓመት የምታንስ ሴት ናት። ገና ከመቀመጤ «አንተ» አለችኝ። አባቴን «እርስዎ» ብላለች፣ እሱን አልክድም። የኤምአርአይ ፊልሙን መብራት ላይ ለጥፋ አየችውና ደስ አላት። ደስታዋን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም፤ ጥርት ያለ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፣ ለተማሪ ማስተማሪያ ይሆናል አለች። ጉልበት የሚባለው ነገር ከሰው ጋር ተያይዞ እንደሚመጣ የረሳች ትመስላለች። ከዚያ ከመሳቢያዋ የፕላስቲክ ጉልበት አወጣችና እያጣጠፈች ለአባቴ ታስረዳ ጀመር፤ ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ።

ነገሩን ግን እንዲህ አድርጋ ስትገልጸው ከዚያ በፊት ከሰማሁት ሁሉ የተሻለ ነው። የተበጠሰው ጅማት የጭኔን አጥንትና ቅልጥሜን ጉልበቱ መሃል ላይ አስሮ የሚይዘው ነው። ሲበጠስ ጫፉ ይቦጫጨቃል፣ ስለዚህ ቢሰፉት አይይዝም። አዲስ መትከል ያስፈልጋል፣ አዲሱም የሚመጣው ከራሴ አካል ነው፤ የበጉ ነገር እዚያ ላይ አበቃ። መውሰጃው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ሰፊ ጅማት ነው፤ መሃሉን በቀጭኑ ሰንጥቀው በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ትንሽ አጥንት እንደያዘ ያወጡታል። ጠንካራ ነው፣ ቶሎም ከአጥንት ጋር ይገጥማል፤ ጉዳቱ ግን በኋላ መንበርከክ ያስቸግራል፣ ሎሚው ሥር ለዓመታት ሊያም ይችላል። ሁለተኛው ከጭን በስተኋላና በስተውስጥ የሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው። እነሱ ከተወሰዱ መንበርከክ አያስቸግርም፤ ጉዳቱ እግርን አጥፎ የመያዝና በጭን የመጨበጥ ኃይል ይቀንሳል፣ የተወሰነው ይመለሳል፣ የተወሰነው ላይመለስ ይችላል። ሁለቱም ጥሩ ነው አለች፤ ምርጫው እንደ ሰውየው ኑሮ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ በኑሮህ የቱ ይበልጥብሃል? ብዙ የምትንበረከክበት ነገር አለ?»

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ይዘህ ቢሮ ወይም ፍርድ ቤት ከገባህ አፍህን የምትከፍተው አንተ አይደለህም። ትልቁ ሰው ነው የሚናገርልህ፣ ለዚያ ነው ይዘኸው የመጣኸው። የሚናገረውም እንደ ሽምግልና ነው፤ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ እንደማይጠጣ፣ እንደማይሳደብ ይመሰክራል። ዳኛው የጠየቀው ስለ መሬት ወሰን ቢሆንም ምስክርነቱ ያው ነው። እኔ አፌን ስከፍት አባቴ ጭራቸውን ብድግ አደረጉ።

«ሰጋጅ ነው፣ ዶክተር» አሉ። «ከተማ ተቀምጦ እንኳ ስግደት አያስታጉልም። ዐቢይ ጾምን ሙሉ ይሰግዳል። በሰሞነ ሕማማትማ ከቤተ ክርስቲያን አይወጣም። እንግዲህ መንበርከኩን አደራ።»

ሴትዮዋ በአክብሮት አየችኝ። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ግንባሬን መሬት ካስነካሁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። አባቴ ሚስት ሊጠይቁልኝ የመጡ ይመስል ለወግ እያሳመሩኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ልስቅም ቃጣኝ። ኳስ ትመለሳለህ ወይ ብላ ስትጠይቅ እሳቸው ሁለተኛ አይነካትም ብለው ዘጉት። ፈረስ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። እሷ የኛ አገር ሰው አይደለችም፣ ፈረስ ብላ አትጠይቅም፤ አባቴ ፈረስን እንደ ስፖርትም እንደ ሥራም አይቆጥሩትም፣ ሰው ይራመዳል ወይ ተብሎ እንደማይነገር ሁሉ ይጋልባል ተብሎም አይነገርም። እኔ ግን አውቅ ነበር። በጭን መጨበጥ ያለችው ነገር ምን ላይ እንደሚውል በዚያ ክፍል ውስጥ በትክክል የገባኝ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«የምትጨምረው ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፣ የሚያኮራ መልስ አላገኘሁም። አባቴን ሰው ፊት ማሳፈር አልፈለግሁም፣ ይህ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ፤ ያቺ ሴት በዚያ ዓይን ስታየኝ ደስ ብሎኛል። ስገባ «አንተ» ያለችኝ ሴት ሰጋጅ መሆኔን ስትሰማ ወንበሯን ወደፊት ሳብ አደረገች። ለዚያች ወንበር ስል ዝም አልኩ።

ቀዶ ሕክምናው ከወገቤ በታች አደንዝዘውኝ ስለሆነ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ትንሽ ካሜራ በጠባብ ቀዳዳ ጉልበቴ ውስጥ አስገብተው በስክሪን ያያሉ፤ እኔም አየሁ። የተበጠሰው ጅማት እንደ ተፈታ ገመድ ጫፍ ውኃ ውስጥ ይወዛወዛል። ከቅልጥሜ በላይ በውስጥ በኩል ቀደዱና በረጅም ብረት ሁለቱን ጅማቶች ከጭኔ ስበው አወጡ። ረዳቱ ጠረጴዛ ላይ ወጥሮ እጥፍ አድርጎ አራት አደረጋቸውና ጫፋቸውን በሰማያዊ ክር ሰፋ። አባቴ ጠፍር ሲገምዱ ከዚህ ይበልጥ ይጠነቀቃሉ። ሐኪሟ በበኩሏ ቅልጥሜን በመሰርሰሪያ በስታ ወደ ጭኔ አጥንት ተሻገረች፤ ገመዱን በቀዳዳው አሳልፋ ከላይ በኩል ቁልፍ በምታህል ብረት አንጠለጠለችው፣ ከታች በብሎን አጠበቀችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ ከረዳቱ ጋር የምታወራው የሰፈሯ ሰዎች ስላሠሩት አጥር ነው። ማን ስንት ሜትር ወደ መንገድ እንደገፋ ስታስረዳው መሰርሰሪያው አይቆምም። አጥሩ ሲያልቅ ጉልበቴም አለቀ። እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ፤ «መስገድ ትችላለህ፣ እስከ ስምንት ወር ግን ቀስ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ክራንች ይዞ የእንጅባራን ጭቃ የረገጠ ሰው ያውቀዋል። ባጃጆቹ ያዩኛል፣ ቀስ ይላሉ፣ ጭቃውን ይረጩብኛል፣ ይሄዳሉ። የሥራ ባልደረቦቼ በየቀኑ ጉልበቴን እንዳሳያቸው ይለምኑኛል፤ ካዩት በኋላ ያቺ ብቻ ናት እንዴ ብለው ያዝናሉ። ለዚህ ያህል ጠባሳ ባሕር ዳር ድረስ መሄዴ አልዋጥላቸው አለ። ፊዚዮቴራፒውን ግን አላጓደልኩም። ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብድግ ስል፣ የአሸዋ ከረጢት በቁርጭምጭሚቴ አስሬ እግሬን ሳነሳ ዓይኔ ውስጥ ያለው ዳማው ፈረስ ነበር። በአራተኛው ወር ክራንቹን ጣልኩ፣ በሰባተኛው ወር ደረጃውን ሳልይዝ ወረድኩ። ጉልበቴ መሸሽ ተወ። ሴትዮዋ ስለ አጥር ብታወራም እጇ አይዋሽም።

ታኅሣሥ ላይ፣ በዓሉ ወር ሲቀረው፣ አዲስ ቅዳም ሄጄ ዳማውን ጫንኩ። አባቴ ከአጥሩ በር ላይ ቆመው ያያሉ። በእርምጃ ደህና ነው። በሶምሶማ ደህና ነው። ሽምጥ ላወጣው ስኮረኩረው ግራ ጭኔ ሊጨብጥ ሞከረና እንቢ አለ። ከኋላ በኩል ቁርጥማት ያዘኝ፣ ኮርቻው ላይ ወደ ቀኝ ተንሸራተትኩ፣ ጋማውን ባልይዝ ወድቄ ነበር። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ነው። አሥር ቀን እየተመላለስኩ ሞከርኩ። ዳማው ራሱ ሰለቸው መሰለኝ፣ አሥረኛው ቀን ላይ ሳላዘው መቆም ጀመረ።

ለክትትል ባሕር ዳር ስሄድ ብቻዬን ነበርኩ። ሐኪሟ ጉልበቴን ጎትታ ገፍታ አየችና ተደሰተች። ስለ ፈረሱ ስነግራት መዝገቧን ወደ ራሷ ሳበች። «ጋላቢ መሆንህን ብትነግረኝ ኖሮ ከሎሚው ሥር ነበር የምወስደው» አለች። ጊዜ ስጠው፣ አጠንክረህ ሥራ፣ ግማሹ ይመለስ ይሆናል፣ ግን ለዘንድሮ ጥር አትመነው አለችኝ። ለምን አልነገርከኝም ብላ አልጠየቀችኝም፤ መዝገቧ ላይ በራሷ እጅ «ሰጋጅ» ብላ ጽፋ ነበር፣ ገልብጣ አሳየችኝ።

ከባሕር ዳር እስከ አዲስ ቅዳም ሚኒባሱ ውስጥ የማስበው ለአባቴ የምናገረውን ነበር። በሕይወቴ ለአባቴ ያንን ያህል ንግግር አዘጋጅቼ አላውቅም። የእርስዎ ወግ እግሬን በላው ልላቸው ነው። ሐኪም ስለ ጅማት ስትጠይቅ ስለ ምግባሬ የሚመሰክሩት ለምንድን ነው ልላቸው ነው። ደረስኩ። ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ለዳማው ገብስ ያበጥራሉ። ሐኪሟ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የተወሰደብኝ የመጋለቢያ ጅማት መሆኑን፣ የተወሰደውም እሳቸው ሰጋጅ ነው ስላሉ መሆኑን።

አባቴ ወንፊቱን አስቀመጡ። አልተቆጡም። የገረማቸው ይመስላሉ።

«የነገርከኝን ነው የነገርኳት» አሉ።

ምን ነገርኩዎት አልኳቸው።

«በየጾሙ ስደውልልህ ስግደቱ እንዴት ነው ስልህ፣ ደህና ነው አባባ፣ ጉልበቴን ብቻ ነው የሚያመኝ፣ ስግደቱ በዛብኝ መሰለኝ ስትለኝ የኖርከው አንተ አይደለህም? እኔ ኳሱን ሰበብ ነው ያልኩት። ጉልበቱ የደከመው በስግደት ነው ብዬ ለቄሱም ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ለምእመኑ ሁለት ጊዜ ምሳሌ አድርገው ጠቅሰውሃል።»

ትዝ አለኝ። በእርግጥ ብያቸዋለሁ። ስልክ ላይ ነው፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ እኔ ምሳ ቤት ተቀምጬ፤ ስግደቱ እንዴት ነው ሲሉኝ ደህና ነው ማለት እንደ እግዜር ይመስገን ያለ ነገር ነው ለእኔ። ጉልበቴን ያመኛል ያልኩት ውሸቱ እንዲያምር ነው። አንድ ዓመት ደህና ስለሄደ በየዓመቱ ደገምኩት። እሳቸው እዚያ ማዶ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እያንዳንዱን ቃል ሲያምኑ ነው የኖሩት። ወጌሻውን፣ አለቃዬን፣ ሐኪሟን፣ አማቼን በመናቅ ዓመት የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ ከእነሱ መካከል አንድም ሰው አባቱን በየዓመቱ በጉልበቱ እየማለ አልዋሸም።

እዚያው መናገር እችል ነበር። አልሰገድኩም አባባ፣ አንድም ቀን አልሰገድኩም ማለት እችል ነበር። አባቴ ግን ተነስተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ፈረሱን ለእህትህ ባል እሰጠዋለሁ፣ ቅር አይበልህ አሉ፤ ፈረስ ምንድን ነው፣ ያንተ ስግደት ይበልጣል፣ ያንተን ማንም አይወስደውም አሉ። ዝም አልኩ። ሁለተኛ ጊዜዬ ነው።

በጥር ዳማውን አማቼ ጋለበው። ከነመነጽሩ። ሽምጥ ሲወጣ ጎበዝ ነው፤ ይህን የምጽፈው እጄን እያመመኝ ነው። እኔ ከእግረኛው ጋር ቆሜ አየሁ፤ አባቴ አጠገቤ ቆመው ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ልጄ በጸሎት ምክንያት ነው የተወው እያሉ አስረዱ። ሰዎች ጎንበስ እያሉ ሰላም አሉኝ።

በሚያዝያ፣ ስቅለት ዕለት፣ አባቴ ባሉበት አጥቢያ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ስለሚጠብቀኝ መቅረት አልቻልኩም። ከጠዋት ጀምሮ ሰገድኩ። መጀመሪያ ላይ በንዴት ነው የሰገድኩት፤ ጉልበቴ ያመኛል፣ ተነስቼ እወጣለሁ፣ ሰበብ ይሆነኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም አላመመኝም። እስከ መሬት ታጥፎ እስከ ላይ ይዘረጋል፤ ሐኪሟ ቃሏን ጠብቃለች። ወደ ማታ ቄሱ ሰዉን እያሰለፉ በወይራ ቅጠል ትከሻውን እየመቱ ለእያንዳንዱ የስግደት ቁጥር ይሰጡ ጀመር። ለእኔ ቁጥሬን ሰጡኝ። ለአባቴም ሰጧቸው።

አባቴ ለመንበርከክ ጎንበስ አሉና ግማሽ ላይ ቀሩ። ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። አንድ ጊዜ ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል አሉኝ።

«የእኔንም ስገድልኝ። አንተን ካላመንኩ ማንን አምናለሁ።»

የእኔን ጨረስኩና የእሳቸውን ጀመርኩ።